ደረስን፣ ውረዱ

ልጅ ሳለሁ ነው ሣር ሰው ተሸክሞ ውኃ ላይ እንደሚሄድ የሰማሁት። የነገረችኝ የአባቴ የታላቅ ወንድም ሚስት ናት። እኛ ልጆቹ እታለም እንላት ነበር። መንደሩ ግን «ባሕሯ» ይላታል፤ ከጣና ደሴቶች ከአንዱ የመጣች ናትና። ባሏ አያ ዳምጤ በጉብዝናው ዘመን በቅሎ ሊሸጥ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዶ፣ በቅሎዋን ሸጦ ሚስት ይዞ ተመለሰ። አባቴ መቀለድ ሲያምረው «በቅሎዋ ትሻለን ነበር፤ ቢያንስ ስለ ውኃ አታወራም» ይላል። እሷም ቀና ሳትል «በቅሎዋማ አንተ ስታወራ ቆማ እያንቀላፋች ነው የተሸጠችው» ትለዋለች።

ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነበር። ሁለት ቤት፣ አንድ አጥር። አንዱ የኛ፣ አንዱ የእነሱ። እነሱ ልጅ ስላልነበራቸው ሲመሽ እኛ ወደ እነሱ እንሻገራለን።

*

ራት ተበልቶ ኩራዙ ሲለኮስ፣ እታለም የበሬውን ቁርበት ከምድጃው ፊት ታነጥፍና እኔንና ታናናሾቼን አንዱን ከሌላው ጀርባ በረድፍ ታስቀምጠናለች። ያ ቁርበት ታንኳችን ነበር። ከምድጃው ወዲያ ያለው የግድግዳ ጥላ ማዶው ነው፤ ፍሙ በመሐል የተበተነ የዓሣ አጥማጆች እሳት፤ የኩበቱ ጭስ የማለዳ ጉም። እሷ ከኋላችን ተንበርክካ፣ የእሳት መቆስቆሻውን እንጨት እንደ መቅዘፊያ ይዛ ትጠይቃለች፤

«ውኃው ተኝቷል?»

«ተኝቷል!»

«ነፋሱስ?»

«ተራራው ላይ ነው!»

«እንግዲያ እንሂድ።»

በሌላ ቤት ተረት በሌላ ቃል እንደሚጀመር ያወቅሁት ኋላ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። የኛ እንዲህ ነበር። መጨረሻውም አንድ ነው። ተረቱ ምንም ይሁን ምን፣ ጉማሬ ይኑርበት ዘንዶ፣ መነኩሴ ይኑርበት ሽፍታ፣ እታለም መቆስቆሻውን ከጉልበቷ አጠገብ ታስቀምጥና «ደረስን፣ ውረዱ» ትላለች። እኛም ከቁርበቱ ላይ ዘለን እንወርዳለን። ተረቱም እዚያ ላይ ያልቃል።

*

ያኔ ሐይቅ አይቼ አላውቅም፤ ግን ታንኳ መቅዘፍ የምችል ይመስለኝ ነበር። ታንኳ ላይ አይቆምም፣ ይንበረከካል፤ ውኃው የሚሰማሽ በጉልበትሽ ነውና። ረጅሙን ሸንበቆ መሐሉን ይዘሽ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ታጠልቂዋለሽ፤ የተቸኮለ ቀዛፊ ባለበት ይዞራል። ማዕበል ሲመጣ ጎን አይሰጥም፤ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ እሱ ታዞሪያለሽ። «ማዕበል እንደ ክፉ ዘመድ ነው» ትል ነበር እታለም፤ «ፊት ለፊት ስትቀበይው እጅ ነስቶሽ ያልፋል፤ ጎንሽን ካየ ግን ይገለብጥሻል።» ከመካከላችን አንዱ በሳቅ ወደ ጎን ያዘመመ እንደሆነ መቆስቆሻው ትከሻውን መታ ያደርገዋል፤ «ሰጠምን! ሁላችንንም ገደልከን! በል እንደገና ተሳፈሩ።»

የምወደው ተረት የነፋስ ልጅ ተረት ነበር። ነፋስ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ለአንድ ድኃ ታንከኛ ዳራት። ማለዳ ማለዳ ነፋስ ተራራው ላይ ስለሚተኛ ውኃው ዝም ይላል። ከቀትር በኋላ ግን የልጁ ናፍቆት ይቀሰቅሰዋል፤ ሊጠይቃት ይወርዳል፤ ቤቷ የትኛው ታንኳ ላይ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም እያንኳኳ ያልፋል። ለዚህ ነው መንገደኛ በማለዳ የሚሻገረው። አባት በሩን እስኪያገኝ ድረስ የሰው በር ሲሰብር እንዳያገኘው።

የታንኳ አሠራሩንም በተረት ውስጥ አስገብታ ነግራናለች። ባሕሩ ዳር የሚበቅለው ደንገል ተቆርጦ ይደርቃል። በነዶ በነዶ ይታሰራል። ወፍራሙ ነዶ ወገቧ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ግራና ቀኝ ገብተው ጎኗ ይሆናሉ። ማሠሪያው የሾላ ልጥ ነው፤ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሁሉንም ነግራናለች። እንዲህ ብዬ ነበር የማምነው፤ ሁሉንም።

*

እኛም አገር ደሴት ነበር፤ በክረምት።

መንደራችን በሁለት ወንዞች መካከል የተዘረጋ ምላስ ነው። ሁለቱም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በታች በኩል ገደል፤ በላይ በኩል፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያወጣው መንገድ፣ በክረምት በቅሎ እስከ ሆዷ የሚውጥ ረግረግ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ገበያ የለም፣ ሠርግ የለም፣ እንግዳ የለም። ቤተ ክርስቲያኑም ቄሶቹም ከሁለቱ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ናቸው። ደወሉን እንሰማለን፤ መሄድ ግን አንችልም። እታለም በመጀመሪያው ክረምቷ ይህን ስታይ ለአያ ዳምጤ «ከደሴት ወደ ደሴት ነው ለካ የዳርከኝ፤ ያንተኛው ግን ታንኳ የለውም» አለችው ይባላል።

ከእኔ ታናናሾች መካከል አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ በክረምት ተወልዳ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍታት አይፈታለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይገባም። ከግቢያችን በታች ከግራሩ ሥር አስቀመጧት። እናቴ ከዚያ ወዲያ በግራሩ አጠገብ አታልፍም፤ ውኃ ስትቀዳ እንኳ ዙሪያ ጥምጥሙን ነበር የምትሄደው።

ኋላ ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ወንድ ልጅ ተወለደ። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው። አርባው የሚውለው ነሐሴ ውስጥ፣ ወንዙ በሬ በሚወስድበት ጊዜ ነበር።

*

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ሁላችንም በእታለም ቤት ተሰብስበን ነበር፤ እናቴ አራስ ሆና እንኳ ተደግፋ መጥታለች። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ እሳቱ ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀምጣለች።

«ይኸኛውን ከግራሩ ሥር አላስቀምጥም» አለች።

«ማን አስቀምጪ አለሽ?» አለ አባቴ። «ልጁ እንደሆን ደህና ነው። ይጠባል፣ ይጮኻል።»

«እሷም ትጠባ ነበር።»

አያ ዳምጤ ጎበዝ ዋናተኛ ነው፤ በክረምትም ቢሆን የተነፋ ስልቻ ደረቱ ላይ አስሮ ይሻገራል። ግን ራሱን ነው የሚያሻግረው። «ቄሱን በስልቻ ላምጣቸው? መምሬ እኮ ጥምጥማቸው እንኳ ከኔ ይከብዳል» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ታንኳ እሠራለሁ» አለች እታለም።

አባቴ ዞር ብሎ አያት። «ከምን? ከጤፍ ጭድ?»

«ከረግረጉ ፊላ።»

«ፊላ የሚነጠፍ ጅባ ሲሆን አይቻለሁ፤ ጣሪያ ሲሆን አይቻለሁ። ታንኳ ሲሆን ማን አየ?»

«አንተ ያላየኸው ሁሉ የለም ከተባለማ ገነትም የለችም።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «ይሸከማል?» አለቻት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እታለም፣ የእውነትሽን ንገሪኝ፤ ሰው ይሸከማል?»

«እኔን ሕፃን ሆኜ ተሸክሞኛል» አለች እታለም። «እኔም ክርስትና የተነሣሁት በታንኳ ተሻግሬ ነው።»

*

ደንገል በኛ አገር የለም። ፊላ ግን በረግረጉ ሞልቷል፤ በበጋ ታጭዶ ለጅባና ለጣሪያ በየቆጡ ላይ የተቀመጠ ደረቅ ፊላ በየቤቱ ነበር። አያ ዳምጤ ከቤት ቤት እየዞረ ለመነ። የጎደለውን ከራሱ ጎተራ ጣሪያ ላይ ገፈፈው። በበረቱ መጠለያ ሥር እታለም ነዶውን እየደረደረች፣ በጉልበቷ እየረገጠች፣ ልጡን በጥርሷ እየሳበች ታስራለች። እኛ ልጆቹ ልጥ እያራስን እናቀብላለን።

የመንደሩ ሴቶች እየመጡ ያያሉ። «ባሕሯ ለበሬዎቹ አልጋ ትሠራለች» ይላሉ። «የለም፣ ለባልሽ ነው፤ ሲሰክር ከመሬት ቢወድቅ ያመዋል» ትላለች እሷ። ያኔ ሌላ ሰው ሆና ነበር። እጇ ከአፏ ይፈጥናል። ወጥ ስትሠራ፣ ጥጥ ስትፈትል እጇ የእንግዳ እጅ ነበር፤ አሁን ግን ከቤቱ የተመለሰ እጅ ሆነ። እታለምን ደስ ብሏት ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ታንኳዋ አለቀች። አጭር፣ ወፍራም፣ አፍንጫዋ የተቀለበሰ። እታለምና አያ ዳምጤ በትከሻቸው አንሥተው፣ መንደሩ ከኋላ ተከትሎ፣ ወደ ወንዙ ወረድን። ወንዙ ሰፍቶ ዘገም የሚልበት ቦታ አለ። ጠዋት ነበር፣ ዝናብ አልጀመረም።

አያ ዳምጤ ከፊት ተንበረከከ። በስልቻ ወንዝ የሚዋኘው ሰው ታንኳው ላይ ሲወጣ እንደ ሴት ልጅ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለም ከኋላ ሆና ሽመሏን አጠለቀች። ወደ ማዶ ትሄዳለች ብለን ስንጠብቅ ሽቅብ፣ ወደ ውኃው መምጫ ቀዘፈች፤ ዳር ዳሩን ይዛ ርቃ ወጣች። ከዚያ የታንኳዋን አፍንጫ በትንሹ አዞረችና ራሷን ለወንዙ ሰጠችው። ወንዙ ወደ ታች ይወስዳታል፣ እሷ ወደ ጎን ትወስደዋለች፤ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ታንኳዋ ሰያፍ ሄዳ፣ ልክ እኛ ከቆምንበት ፊት ለፊት ማዶውን ነካች። እልልታው ከገደሉ ተመልሶ መጣ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ አፉ ግን ይስቅ ነበር።

መምሬ ጥላቸውን ይዘው ወርደው ነበር። ታንኳዋን በመስቀላቸው ባረኳት። ከማዶ ሆነው «አርባው ሲሞላ በማለዳ ከዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ!» ሲሉ እናቴ መሬት ሳመች። የቀረው ጊዜ ከሳምንት አይበልጥም ነበር።

ሲመለሱ መሐል ላይ ዝናቡ ጀመረ። እታለም ከታንኳዋ ስትወርድ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አያ ዳምጤ ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳት፤ በዚያው ምሽት ትኩሳት ያዛት፤ ተኛች።

*

ታንኳዋ ከአባቴ ጋር ቀረች።

አባቴ ያደረገውን ሁሉ አይቻለሁ፤ አብሬው ነበርኩ። ሜዳ ላይ ብትቀመጥ ከብት ይረግጣታል ብሎ ፈራ። ወንዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጸጥ የሚልበት ጥግ መረጠላት። ለበቅሎው ጭነት የሚያገለግለውን ጠንካራ መጫኛ አምጥቶ አፍንጫዋን ከሾላው ሥር ጋር አሰረ፤ እንዳይቆርጣት ከሥሩ ጨርቅ አደረገላት። ዝናብ እንዳይመታት የራሱን የሣር ገሳ አውልቆ አለበሳት። እሱ በዝናብ እየበሰበሰ፣ እኔ ከሆዱ ሥር ተጠልዬ ተመለስን። በየቀኑ ይወርዳል፤ ውኃ ላይ እየተወዛወዘች፣ ገሳ ለብሳ፣ ትጠብቀዋለች። የእንግዳ ሰጋር በቅሎ የሚያስር ሰው እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

እታለም ከአልጋዋ ሆና ትጠይቃለች፤ «ታንኳዬስ?»

«ደህና ናት እታለም፤ ገሳዬን አልብሻታለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

*

በአርባኛው ቀን ማለዳ እናቴ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ሕፃኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ወረድን። ከማዶ የመምሬ ጥላ ታየን። እታለም ትኩሳቱ ለቋት ነበር፤ ከስታለች፤ ግን ከፊት ከፊት ትሄዳለች።

ከሾላው አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

ከውኃው በላይ የሚታየው የታንኳዋ አፍንጫና ገሳው ብቻ ነበር። ሌላው የለም። ወገቧ፣ ጎኗ፣ ሁሉም ከውኃው ልክ ሆኖ፣ ጠቁሮ ተኝቷል። እታለም አንድ እግሯን አሳረፈችበት፤ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሄደ። ጎንበስ ብላ ፊላውን በመዳፏ ጨመቀችው። ውኃ በጣቶቿ መካከል ወረደ።

«ማን ነው ውኃ ላይ ያሳደራት?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «በመጫኛ ነው እኮ ያሰርኳት። ማንም አልነካትም።»

«አላወጣችኋትም?»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ! ዛፉ ላይ ተደግፋ፣ ቆማ እንድትደርቅ! ፊላ እኮ ይጠጣል! ቀን ተሌት ይጠጣል!»

«አልነገርሽንም» አለ አባቴ። ክስ አልነበረም። ግራ ገብቶት ነው።

እታለም ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እየዞረች ሁላችንንም አየችን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የት አገር እንዳለች የገባት ትመስል ነበር።

«ይህም ይነገራል?» አለች።

ኋላ አሰብኩበት። አፉን የፈታ ልጅ ሁሉ በሚያውቅበት አገር ታንኳ ከውኃ መውጣቷን ማን ይተርካል? ሰው እንደ ወረደ ታንኳዋ ትነሣለች፣ ትቆማለች፣ ትንጠባጠባለች፤ እንደ መተንፈስ ነው። እታለም ስለ ማዕበሉ ነገረችን፣ ስለ ጉማሬው ነገረችን፣ ስለ ነፋስ ልጅ ነገረችን። ተረቱ ግን ሁልጊዜ «ደረስን፣ ውረዱ» ላይ ነበር የሚያልቀው። እኛም ዘለን እንወርድና እንሄዳለን። ከወረድን በኋላ ታንኳዋ ምን እንደምትሆን ዞር ብለን አይተን አናውቅም።

*

ወንዶቹ ተረባርበው ሊያወጧት ሞከሩ። ሁለት ሰው በትከሻ ያመጣትን ማንሣት መንደሩን አቃተው። በመጫኛው ጎትተው፣ አፈር ለአፈር፣ እንደ ሞተ ከብት አወጧት።

እናቴ ከውኃው ዳር ቆማለች። ዝናቡ ጀምሯል። ማዶ ደግሞ መምሬ፣ ዲያቆኑ፣ የክርስትና አባቱ፣ ሁሉም ቆመዋል።

«መምሬ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «ከዚያው ሆነው ይባርኩልን!»

የመምሬ ድምፅ በውኃው ጩኸት ተቆራርጦ መጣ። «ልጄ... ጥምቀት በጩኸት አይሆንም! እጄ ሊነካው... ውኃው ሊነካው ይገባል!»

እናቴ ሕፃኑን ከጋቢው አውጥታ በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሣችው። «ውኃማ ይኸው!» አለች። «መካከላችን ያለው ሁሉ ውኃ ነው! ምን ጎደለ?»

ሽማግሌው መምሬ ጥላቸውን ጥለው እስከ ወገባቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ዲያቆኑ ከኋላ ቀሚሳቸውን ይዞ ጎተታቸው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ሸፈኑ። እናቴ እጇን አላወረደችም። አያ ዳምጤ ነው ሕፃኑን ከእጇ የተቀበለው።

*

ታንኳዋን ከሾላው ጋር አቆሟት። በላይዋ ዳስ ሠሩላት፤ ከሥሯ የኩበት ፍም አኖሩላት። አባቴ ከዚያ አልተነሣም። ፍሙ ሲከስም ይቆሰቁሳል፣ ሲነድድ አመድ ያለብሳል፤ እሳት እንዳይበላት፣ ብርድ እንዳይበላት። ከእግሯ ሥር ውኃ ይንጠባጠባል። ጭሱ ከዳሱ ወጥቶ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። ዝናቡ ግን ሲያካፋ ይውላል፣ ሲዘንብ ያድራል፤ በቀን የተጨመቀውን ማታ መልሳ ትጠጣለች።

ሕፃኑ ከወንዝ ከተመለስን ጀምሮ ያስለዋል። መጀመሪያ እንደ ድመት፣ ኋላ እንደ ሽማግሌ። አያ ዳምጤ በስልቻ ተሻግሮ በቅል ጠበል ይዞ መጣ። እናቴ አጠበችው። «ይህ ጥምቀት ነው?» ብላ ጠየቀችው። አያ ዳምጤ እርጥብ ፀጉሩን እየጠረገ ወጣ።

«ዛሬስ ደረቀች?» ትላለች እናቴ አባቴ ራት ሊበላ ሲገባ።

«ትንሽ ቀርቷታል።»

«ነገስ?»

«ነገ ፀሐይ ከወጣ።»

ፀሐይ አልወጣም። ልጁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እሳቱ እየነደደ፣ በእናቴ ጭን ላይ እንዳለ ሳሉ ቆመለት። እኔ ሳሉ ስለተወው ዳነ ብዬ ደስ አለኝ።

ስም አልነበረውም። ስም የሚወጣው በክርስትናው ዕለት ነበር። እናቴ ለብቻዋ የምትጠራበት ስም ካላት ለማንም አልተናገረችውም። አባቴና አያ ዳምጤ ከግራሩ ሥር ወሰዱት። ከማዶ ደወል አልተደወለም።

*

በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ወጣች። ጥርግ ያለ ሰማይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ታንኳዋም ደረቀች። እታለም ወርዳ ብቻዋን በአንድ ትከሻዋ ተሸክማት መጣች፤ ከግቢው ግድግዳ ጋር አቆመቻት። ለምን እንዳመጣቻት እንጃ። ምናልባት እንደምትደርቅ ማሳየት ፈልጋ ይሆናል።

እናቴ ቢላ ይዛ ወጣች። ልጡን በጠሰችው። ነዶውን ፈታታችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃችን ውስጥ የነደደው ታንኳዋ ነበር። እፍኝ እፍኝ እያደረገች ወጡንም ውኃውንም በሱ አፈላች። ደረቅ ፊላ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ቦግ ይልና ፍም እንኳ ሳይተው አመድ ይሆናል። ቤቱ ረግረግ ረግረግ ይሸት ነበር። እታለም ከደጃፉ ቆማ ታያለች። እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እየመጣች አየች።

መንደሩ ያወራ ጀመር። መካን ናት፣ ቀንታ ነው፣ ሆን ብላ ነው፤ የባሕር ሰው የውኃ ነገር እንዴት ይረሳል? እናቴ ይህን ብላ አታውቅም። ስትሰማ ግን ዝም አለች፤ ዝምታዋም በቂ ነበር። አባቴ ደግሞ ጠላ በቀመሰ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ «ገሳዬን እኮ አልብሻታለሁ።» የሚሰማው ሰው በሌለበትም ይላል። እስኪሞት ድረስ አለው።

ቁርበቱ ከዚያ ወዲያ አልተነጠፈም። ማታ ማታ ከነሱ ቤት የሚወጣው የኩራዝ ብርሃን ብቻ ነው።

*

ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ስል እታለም እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። በጋ ነበር፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አይዘልም። ድልድይ ይሠራል ተብሎ ከአውራጃው የመጡ ሰዎች የተከሉት ችካል ዳር ላይ ቆሟል።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። «አንድ ተረት ንገሪኝ» አልኳት። እሷም በቀስታ፣ እንደ ድሮው፣

«ውኃው ተኝቷል?» አለች።

«ተኝቷል» አልኩ።

አየችው። በድንጋዮቹ መካከል ለመስማት እንኳ የሚያስቸግር ቀጭን ውኃ ነበር።

«አልተኛም» አለች። «ሂጂ አንቺ፣ ይመሽብሻል።»

ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋትም።

*

ዛሬ እዚያ ድልድይ አለ። በመኪና ሲያልፉት ወንዝ መሆኑም አይታወቅም። ግራሩ ተቆርጧል።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ ጣና ሄጃለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከዳር ቆሜ ታንኳዎች ሲገቡ አየሁ። በአንዷ ላይ አንዲት ልጅና አባቷ ነበሩ። አባትየው ወርዶ ከሰዎች ጋር ሰላምታ ጀመረ። ልጅቷ ሳትታዘዝ፣ ሳታይ፣ ሌላ ነገር እያሰበች፣ የታንኳዋን አፍንጫ ያዘች፤ ጎትታ አወጣች፤ ከዛፍ ጋር አቆመቻት። ውኃው ከታንኳዋ ሥር ይንጠባጠብ ጀመር። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች።

ተከትያት «ይህን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

የከተማ እብድ አጋጥሟት እንደሆነ ለማወቅ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ምኑን?» አለች።

ከዚያ ወዲህ የተረት መጨረሻ አላምንም። ራሴ የምጽፈውንም አልጨርሰውም፤ ቁርጥራጭ አድርጌ እተወዋለሁ። የትም ቦታ፣ በማንም አፍ፣ «ደረስን» ሲባል ሰው ሁሉ ዘሎ ሲወርድ እኔ ዞሬ የማየው ከኋላ የቀረችውን ነው። በጥሩ ገመድ ታስራ፣ የሰው ገሳ ለብሳ፣ ጸጥ ያለ ውኃ ላይ፣ ቀስ እያለች ትጠጣለች።